የማይላቀቁ ሁለት ጠባዮች

ሱሉልታ የሚበቅለው የኤቢሴ ቤተሰብ ገብስ ቅጠል የሚያደርቀውን በሽታ ይቋቋማል፤ አጨዳ ሲቃረብ ግን አንገቱ እየተሰበረ ዛላው መሬት ይቀራል። ኤቢሴ ሆለታ ምርምር ማዕከል ስትቀጠር የተነሣችው ሁለቱን ጠባዮች ልታለያይ ነው። አንገተ ጠንካራ ከሆነ ገብስ ጋር ብታዳቅለውም አልሆነም፤ ከበሽታ የተረፈው ሁሉ አንገቱ ይሰበራል፣ አንገቱ የጠናውም ይታመማል።

ምክንያቱ ያስደንቃል። ተክል የአበባ ዱቄቱንና እንቁላሉን ሲያዘጋጅ ከእናትና ከአባቱ የወረሳቸው ክሮሞዞሞች ጎን ለጎን ተጋድመው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። አዲስ ጥምረት የሚወለደው ከዚህ ነው! በገብስ ግን ልውውጡ የሚደረገው በአብዛኛው በክሮሞዞሞቹ ጫፎች አካባቢ ነው፤ የኤቢሴ ሁለት ጠባዮች ደግሞ መሐል ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ልውውጡን እንደ ፍሬን የሚይዙ ዘረመሎች አሉ። አንዳንዱ ሲበላሽ ልውውጡ ይበዛል፤ ዋጋው ግን የፍሬ ማነስ ነው። ኤቢሴ ፍሬኑ የላላ ገብስ አስመጥታ አዳቀለች፤ በአንዱ ዛላ ላይ እንኳ ጠባዮቹ ቢላቀቁ ብላ።

ይህን የምታወራለት ሰው የላትም። አብራት የጀመረችው ያኔት ውጭ ሄዳ ቀረች። ማታ ቡራዩ በተከራየችው ክፍል ሳለች እህቷ ላሊሴ ስትደውልላት፣ «ገብሱን ዳርሽው? አንቺስ መቼ ነው?» ብላ ትስቃለች። ኤቢሴም አብራ ትስቃለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ክፍሉ ጭር ይላል።

በመኸር ጊዜ ታማ ተኛች። ስትመለስ የቀን ሠራተኛው ኦቦ ገርባ አጭደው፣ ወቅተው ጨርሰዋል።

«ኦቦ ገርባ፣ ግማሽ ባዶ የሆኑት ዛላዎች የት አሉ?»

«መካኖቹ? ለዘር የማይሆነውን ለይቼ ከገለባው ጋር ለከብት አልኩ። ገበሬ አይደለሁ እንዴ?»

«እኔ የምፈልገው እነሱን ነበር፤ ፍሬያቸው ያነሰው ፍሬኑ ስለላላ ነው።»

«ያ ዋቃ! ባዶውን? ታዲያ አንድ ቃል ጣል ብታደርጊልኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ? ጠዋት ትገቢያለሽ፣ ማታ ትወጪያለሽ፣ ከሰው አታወሪ!»

ኦቦ ገርባ ጋቢያቸውን ጥለው የገለባውን ክምር መበርበር ጀመሩ፤ እሷም አጠገባቸው ተንበረከከች። አብዛኛው ተበልቷል። ከሥር ጥቂት ዛላ ተገኘ።

አሁን ከዚያ የተገኘው ዘር በቅሏል። ኤቢሴ ሆን ብላ በሽታውን በቅጠሎቹ ላይ ትረጫለች፤ የታመመውን ትነቅላለች፤ ጤነኛው ሲያሸት አንገቱን በጣቷ ጎንበስ እያደረገች ትፈትናለች። እስካሁን የነካችው ሁሉ ተሰብሯል። ኦቦ ገርባ ታክሲ እንዳያመልጣቸው ሄደዋል፤ እሷ ወደሚቀጥለው ተክል ዞራለች።