የመርሳው ዓረብኛ አስተማሪ

መርሳ ላይ ዓረብኛ ያስተማረንን ሰውዬ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጅዳ ሾፌር ነበርኩ ይላል፤ አብረውት የነበሩት ግን መኪና አጣቢ ነበር ይሉታል። ከእህል መጋዘን ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ዓረብ አገር ለሚሄዱ ሴቶች በሦስት ሳምንት ቋንቋ አስጨብጣለሁ አለ። ሦስት ሳምንት! እሱ ራሱ አማርኛውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም።

ተጓዧ ታናሽ እህቴ ነበረች። ብቻዋን አትመላለስም ብዬ ከወልድያ በሚኒባስ እየተከተልኳት እኔም ተማሪ ሆንኩ። የእኛም ነገር ያሳፍራል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም "ወላሂ" እያለ ይምላል፤ "አልሐምዱሊላህ" ለማለት አስተማሪ አያሻንም። እናማ ዓረብኛውን ግማሹን ይዘነው የመጣን መስሎን ተኮፍሰን ተቀመጥን። ውሃ ስጡኝ ማለት ግን አንዳችንም አናውቅም።

ሰውዬው በጉሮሯችን ጀመረ። "ሐ በሉ! ከታች አውጡት!" እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ያ ሁሉ ሴት ጉንፋን እንደያዘው ጉሮሮውን ሲጠርግ ያረፍዳል። ከዚያ የአንዷን ነጠላ ተቀብሎ ይከናነብና፣ ወንበር ላይ ተጎልቶ ማዳም ይሆናል። "ጂቢ ሞያ!" ሲል አንዷ ውሃ ይዛ እየሮጠች "ሐዲር፣ ማዳም" ትላለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ከዘገየች እንደገና ትሮጣለች። እግሩን አነባብሮ ሲጠጣ ብታዩት! ዕድሜውን ሙሉ ሲታዘዝ ኖሮ፣ ማዘዝ የቻለው በእኛ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ተነስቼ "አሞኛል እንዴት ነው የሚባለው?" አልኩት።

ሳቀ። "እሱን ያለች በማግስቱ ወደ አገሯ ትጫናለች። አላስተምርም።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እህቴ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ "ኧረ አታዋርጂኝ" አለች። እኔም፣ ወገቤ ይቆረጥና፣ ቁጭ አልኩ።

ጅዳ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ጎረቤት ነበረችን። ብንጠይቃት በነፃ ታስተምረን ነበር። ግን እሷ ማኅተም ያለው ሰርተፍኬት አትሰጥማ! እኛ ደግሞ ማኅተም ካየን ልባችን ይጠፋል።

እህቴ ሄደች። በአራተኛው ወር ስትደውል ድምጿ ሰልሏል። ትኩሳት ከያዛት ሳምንት ሆኗታል፤ እንደዚያም ሆና ምንጣፍ ታጥባለች።

"አልነገርሻቸውም?"

"በምን አፌ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጎረቤታችን ቤት ሮጥኩ። "አና መሪዳ በያት፣ ታምሜአለሁ ማለት ነው" አለችኝ። ለእህቴ ነገርኳት። አንዴ ደገመችው፤ አንድም ፊደል አልሳተችም።

"በቃ፣ አሁኑኑ ሂጂና ለማዳሟ ንገሪያት!"

"ይመልሱኛል እኮ" አለችኝ።

"ይመልሱሻ! በሬሳ ሣጥን ልትመጪ ነው? በያት ብዬሻለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ስልኩ ተዘጋ። ደጋግሜ ብሞክር አይነሳም።

ቤት ስመለስ እናታችን በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። "ምን አለችሽ ልጄ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ አለች" አልኳት።