አዋላጇ የተመለሰችበት ሥልጠና

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የጤና ፕሮጀክት ስቀጠር የመጀመሪያ ሥራዬ ዕቅድ ማዘጋጀት ነበር። ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ «ማኅበረሰቡን መሠረት ያደረገ» የሚለው ሐረግ ከዕቅዳችን ገጾች ከአንዱም አይጠፋም። አስተባባሪያችን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ንግግር የሚያምርላቸው ሰው ነበሩ። ስብሰባ ላይ አፌን መክፈት እንደምፈራ ስላወቁ፣ «አንቺ ዝምተኛዋ፣ ሴቶቹን አነጋግሪልን» አሉኝ። የእናቴ ወገኖች ደገኞች በመሆናቸው ጋሞኛ እችላለሁ።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ከጨንቻ በላይ ካሉት ቀበሌዎች ሁለት ሁለት ሴቶች ተመርጠው ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳሉ፤ ስለ ንጹሕ ወሊድ ይማራሉ፤ ሰርተፊኬትና መቀስ፣ ሳሙና፣ ክር የያዘ ቦርሳ ይዘው ይመለሳሉ። አንዷን ሽማግሌዎች ይመርጣሉ፣ ሌላዋን እናቶች። በአንደኛው ቀበሌ ሽማግሌዎቹ አደባባያቸው ላይ ተቀምጠው የአንድ ትልቅ ሰው ሚስት መረጡ። ሴትዮዋ ከራሷ ልጆች ሌላ አንድም ወሊድ አይታ አታውቅም። እናቶቹን ምንጭ ዳር ሳነጋግራቸው ግን ሁሉም የነገሩኝ ስለ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበር።

እዚያ ደጋ ላይ ሸክላ ሠሪ ከሌላው ሰው ጋር ማዕድ አይቀርብም፤ አደባባዩም ላይ አይቀመጥም። ምጥ ሲመጣ የምትጠራው ግን እሷ ናት። ልጁን ተቀብላ፣ እናቲቱን አጥባ ስታበቃ ምግቧ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ደጅ ይሰጣታል።

ቤቷ ስደርስ ጭቃ እየረገጠች ነበር። እግሯን ሳታቆም ጠየቀችኝ።

«ምን ያስተምራሉ?»

«ንጹሕ ወሊድ።»

«እኔ ሳላጥብ የቀረሁ ይመስልሻል? እሱን ተዪው። የሚደርቁትን ልጆች ነገር ያውቃሉ? ደህና ተወልዶ፣ ጡት ጠብቶ፣ ሳምንት ሳይሞላው አፉ ይገጥማል። እንደ እንጨት ደርቆ ይቀራል። የራሴን የልጅ ልጅ እንደዚያ ቀብሬዋለሁ። እሱን ካወቁ እመጣለሁ።»

«ያውቃሉ» አልኳት።

መጣች። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ደገኞቹ ወፍራም ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ላብ አጠመቃቸው። ከእሷ አጠገብ ያሉት ወንበሮች ባዷቸውን ቀሩ። አስተባባሪው «ተቀራረቡ እንጂ፣ ቤተሰብ ነን!» እያሉ ሳቁ፤ እስከ ምሳ ድረስም ስለ ተሳትፎ አስተማሩ። ምሳው ለአራት ለአራት በትሪ ቀረበ። እሷ ወደ ትሪዋ ጠጋ ስትል ሦስቱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እሷ ከነካችው እኛ ጦማችንን እንውላለን» አለች የትልቁ ሰው ሚስት።

ሸክላ ሠሪዋ ሳቀች። «ባለፈው ክረምት የልጅሽን ልጅ የተቀበለው ይኼው እጅ አይደለም እንዴ? ያን ጊዜ አልተጸየፍሽውም።»

«ያ ምጥ ነው፣ ይኼ እንጀራ ነው!»

ከምሳ በኋላ ወደ አዳራሹ የተመለሰችው እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ወደ አገራችን መልሱን አሉ። አስተባባሪው ጠሩኝ።

«የኔ እህት፣ ሥልጠናው ሊበተንብን ነው። ሴትዮዋን ለሁለተኛው ዙር እንጠራታለን። ቋንቋውን ትችያለሽና አስረጃት።»

«ጋሼ፣ ለብቻዋ ይቅረብላት።» ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

«ለብቻ ማብላትማ መድልዎ ነው» አሉኝ በትዕግሥት። «ከመርሃችን ጋር ይጋጫል። የማኅበረሰቡንም ባህል ማክበር አለብን።»

በመርህም በባህልም መለሷት። እንዲህ ተመቻችቶ የተባረረ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የጨንቻው አይሱዙ ሰውና ጆንያ እየጫነ ነው።

«በይ ንገሪኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የሚደርቁትን። ያውቃሉ አላልሽም?»

«ጨንቻ! ጨንቻ! እማማ፣ ውጪ እንጂ፣ ወሬውን ይዘሽው ውጪ!» ይላል ረዳቱ።

በጩኸቱ መሀል ነገርኳት። ምላጩም ክሩም ይቀቀላል። እትብቱ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይደረግም። እርጉዟ ጤና ጣቢያ ሄዳ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትከተብ።

«ይኼው ነው?»

«ዋናው ይኼው ነው።»

«ይኼን እዚያው ጭቃዬ ላይ ሳለሁ መንገር ያቅታችኋል?» አለችና ጆንያ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ሪፖርቱ ሥልጠናው በማኅበረሰቡ ሙሉ ተሳትፎ ተጠናቀቀ ይላል። የትልቁ ሰው ሚስት ቦርሳውን አንግታ የተነሳችው ፎቶግራፍ ቢሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሁለተኛው ዙር በሚቀጥለው ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። አስተባባሪውን ስጠይቃቸው፣ የለጋሾቹ ትኩረት ወደ ሌላ ሥራ ዞሯል አሉኝ።

ሸክላ ሠሪዋን በሚቀጥለው ዓመት ጨንቻ ገበያ አገኘኋት። ድስቶቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ለሰላምታዬ መልስ ሳትሰጥ፣ «ምላጩን እቀቅላለሁ» አለችኝ።

«ቅቤውስ?»

«ቅቤውንማ አማቶቹ ይዘው ይቆማሉ። አይሆንም ስላቸው፣ ወረቀት ያላት ያቺ ናት፣ አንቺ ማን ነሽ ይሉኛል። እንግዲያው ያቺን ጥሯት ስላቸው፣ እሷ ደም አትነካም ይላሉ።»

«ዘንድሮም የደረቀ አለ?»

አንዲት ገዢ ከጎኔ ጎንበስ ብላ አንዱን ድስት አነሳችና፣ ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ በጣቷ አንኳኳችው። ሸክላ ሠሪዋ ዓይኗን ከድስቱ አልነቀለችም።

«አለ እንጂ። ምላጩ የተቀቀለለትም አለበት» አለች። ከዚያ በእጇ ወደ ጎን አመለከተችኝ። «ገለል በይልኝ፣ ልጄ፤ ገዢዋን ብርሃን ከለልሽባት።»