ሠላሳ ስምንተኛዋ ጠጠር

አባ ብርሁ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ወባ ይዟቸው ነበር። አብረዋቸው አርባ ሰዎች ነበሩ። የመንገዱ መሪ ከመነሻው ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ጠጠር በኮረጆው ይዞ ነበር። ወንዝ ተሻግረው ሱዳን ውስጥ ወድ ኤል ሒለው ከተባለ ቦታ ሲደርሱ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ ጠጠር እየጣለ ቆጠረ። ሁሉም አልፎ አንዲት ጠጠር ከእጁ ቀረች። «ተሳስተህ ነው፣ እንሂድ» ቢሉት እምቢ አለ። ተመልሶ ብርሁን ከማዶ ቁጥቋጦ ሥር ራሳቸውን ስተው አገኛቸውና በጀርባው አሻገራቸው።

ዛሬ አባ ብርሁ በገዳሪፍ የቀን ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ናቸው። ኮምፒዩተር የለመዱት ስድሳን ካለፉ በኋላ፣ ከአንድ ስልክ ጠጋኝ ደጃፍ እየተቀመጡ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ግን ዛሬም የጠጠር ጣሳ አለ።

ባለፈው ሐምሌ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ለአረም ለወረዱ ሠራተኞች አጎበር የሚጫንበት ቀን ነበር። በኮምፒዩተሩ መዝገብ እያንዳንዱ ገጽ የአንድ ምድብ ሠራተኞች ስም ዝርዝር ነው። ገጹ የጎደለበት ምድብ ክረምቱን ያለ አጎበር ሊከርም ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ የዋልካው ጭቃ መኪና አያሳልፍም።

ረዳታቸው መርሃዊት ከታች በግራ ጥግ ያሉትን ቀስቶች በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ተጭና የገጾቹን ስም አወጣች። አባ ብርሁ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጠጠር አኖሩ። ሠላሳ ሰባት።

«ማሽኑስ ስንት ይላል?»

«እሱን የሚቆጥረው ማክሮ የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም ነው አባ። ማክሮ ደግሞ እዚህ ተዘግቷል።»

«ማክሮ ማን ጠየቀሽ?» አሉና ባዶ ሳጥን ውስጥ የእኩል ምልክት አስቀድመው፣ ሺትስ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ባዶ ቅንፍ ከፍተው ዘጉ። ሠላሳ ስምንት ወጣ።

አጎበሩን የሚጭነው ሎሪ ሾፌር አኑዋር በመስኮት ብቅ አለ። «ያላ፣ እንሂድ እንጂ ዐም ብርሁ! ዝናቡ እኮ ጠጠር አይቆጥርም።»

«ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል» አለች መርሃዊት።

«ማሽኑ የተሸሸገውንም ይቆጥራል፤ ያንቺ ዝርዝር የሚታየውን ብቻ ነው።» ሠላሳ ስምንተኛዋን ጠጠር ለብቻዋ አኑረው የአንዱን ገጽ ስም በቀኝ ቁልፍ ተጫኑና የተሸሸገውን አወጡት። ሱፊያን የሚመራው ምድብ፣ ሃያ አራት ሰው።

መርሃዊት አፏን ያዘች። «ስልክ ቁጥራቸው መዝገቡ ውስጥ አልገባ ብሎኝ፣ ለጊዜው ከዓይኔ ዞር ይበል ብዬ ነው የሸሸግሁት።»

«ባል ስታገቢ እንዲህ እንዳታደርጊው» አሏት፤ አኑዋር መስኮቱን ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሃያ አራቱን አጎበር እሱ ራሱ ጫነ። ሎሪው ዝናቡን ቀድሞ ሄደ።

ማምሻውን ሱፊያን ደውሎ አጎበሩ መድረሱን ሲነግራት፣ መርሃዊት አባ ብርሁን ጠየቀቻቸው። «በዕድሜዎ ከተማሩት ሁሉ የቱ ይበልጣል?»

ጠጠሮቹን ወደ ጣሳው እየመለሱ እንዲህ አሉ፦ «መቁጠርማ ሁሉም ይቆጥራል። ያ የመንገድ መሪያችን የተረፈችውን ጠጠር ወንዝ ውስጥ ቢጥላት ማንም አይጠይቀውም ነበር። ተመልሶ ፈለገኝ። ከዚያ የሚበልጥ አላየሁም።»