ሦስት ደቂቃ ያልኩት ሃያ ደቂቃ ነበር

«ሴትዮ፣ ያንቺ ሦስት ደቂቃ ስንት ደቂቃ ነው?» አለኝ ሾፌሩ፤ ዛሬ ጠዋት፣ ሐይቅ፣ ፊልም የምጭንበት ሱቄ በር ላይ።

መኪናው ውስጥ ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ ታመው ተኝተዋል። ወደ ደሴ ሐኪም ቤት እየሄዱ ነበር። ጅዳ ያለችው ልጃቸው ቪዲዮ ልካለች፤ በጦርነቱ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ፊቷን አላዩም። እሱን በኢንተርኔት እንዳወርድላቸው ነው የቆሙት።

ቪዲዮው ሦስት መቶ ሜጋ ነው፤ የኢንተርኔት መስመሬ በሰከንድ ሁለት ሜጋ። አካፈልኩና «ሦስት ደቂቃ አይሞላም፣ ጠብቁ» አልኳቸው። ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ፊልም ስገለብጥ ሁልጊዜ የማሰላው እንዲህ ነው።

ለካ ዲስኩ የሚለካው በባይት፣ መስመሩ በቢት ነው። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው፤ ስለዚህ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። (ኮምፒውተር ራሴን በራሴ ሳስተምር ፈታኝ አልነበረኝም።)

አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቀው ቪዲዮው ወርዶ ሳያልቅ ሄዱ። ጋሽ ሰይድ ደሴ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሞቱ።

ከሰዓት ለቅሶ ቤት ሄጄ ስህተቴን ለባለቤታቸው ለእትዬ ጦይባ ነገርኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«አንቺስ ዛሬ ተማርሽ» አሉኝ። «እሱ ልጁንም አላየ፣ ሐኪምም አላየ።»

በእርግጠኝነት ተናግራችሁ ሰው ያስጠበቃችሁ ካላችሁ፣ ለቤተሰቡ ምን ብላችሁ እንደተናገራችሁ ጻፉልኝ። ነገ ለቅሶ ቤቱ ተመልሼ እሄዳለሁ።