ውኃ ሲያይ የሚሸሽ ቀለም

ባለፈው ሳምንት፣ ሚዛን መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ወደማነሳበት ሱቅ፣ ቡና ሊገዛ ከአዲስ አበባ የመጣ ቄንጠኛ ሰውዬ ገባና፣ የመታወቂያው ኮፒ እስኪወጣለት አራት ትንንሽ የቀለም ብልቃጦች ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ። እሱ እንደኛ በእስክርቢቶ አይጽፍም፣ ቀለም በሚሞላ ብዕር ነው። ይሄኛው አረንጓዴ፣ ብዕሩ ሲፈጥን ይሳሳል፣ ሲያርፍ ወደ ቡኒ ይጠቁራል፤ ያኛው ሰማያዊ ዳር ዳሩ ላይ ቀይ ያብረቀርቃል፤ ሰው በር ላይ ተሰልፎ እየጠበቀ እንዲህ ሲያስረዳኝ ቆየና "እስቲ አንቺ ምረጪልኝ፣ የሴት ዓይን ይሻላል" አለኝ። ሥራ ያጣ ሰው ምን አያደርግ እያልኩ በሆዴ ስስቅበት ሐምራዊውን ከፈተው። ያ የረጠበ ብረትና የመድኃኒት ድብልቅ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ሳቄ ቆመ።

ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩበት ትምህርት ቤት ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቡናና በሙዝ መሃል የተቀመጠ የጭቃ ቤት ነበር፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመምህሩ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ የምናይበት፣ ጥቁር ሰሌዳውንም የባትሪ ድንጋይ ወቅጠን ከቅጠል ጋር እያሸን የምናጠቁረው እኛው የሆንንበት። በዚህ ሁሉ መሃል ነው እንግዲህ የክፍላችን ኃላፊ መምህር አለማየሁ ስለ ቀለም ውበት የሚጨነቀው። እስክርቢቶ በእጁ አይነካም። ሸሚዙ ኪስ ላይ ከብዕሩ የፈሰሰ ክብ እድፍ ነበረው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያፍርበታል፣ እሱ ደረቱን ነፍቶ እንደ ኒሻን ይዞት ይዞራል። እኛ ሞኞቹም የተማረ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብለን እናደንቀው ነበር፤ እኔማ ፊደል አጣጣሌን እንኳ የሱ አስመስዬ ነው ያደግሁት።

ሰኔ ላይ የክፍሉን የውጤት ካርድ እንድሞላ የተመረጥኩትም ለዚሁ ጽሕፈቴ ነው። ባዶው ካርድ ከወረዳ የሚመጣው በተማሪ ልክ ነበር፣ አንዲት ትርፍ የለችም። ይህን እያወቀ ሚዛን ሄጄ ቀለም እንድመርጥ ላከኝ። "ሕይወት ያለው ፈልጊ፣ አንድ ፊደል ውስጥ የሚደምቅም የሚፈዝም፤ የሞተ ቀለም እንዳታመጪብኝ" አለኝ።

አባባ ከድር፣ ከስልጤ መጥተው ሚዛን ላይ ያረጁት ነጋዴ፣ ያላቸውን ቀለም ሁሉ አወጡልኝና በክብሪት እንጨት እየነከርኩ ካርቶን ላይ ስሞክር ግማሽ ቀን ቆምኩ። ሰማያዊ ጥቁሩ ደረቅ ነበር፣ የወረዳ ደብዳቤ የሚመስል። ሐምራዊው ግን እየደረቀ ሲሄድ መሃሉ እየሳሳ ጠርዙ እየቀላ፣ ገና በመብሰል ላይ ያለ የቡና ዘለላ መሰለና ዓይኔ ከሱ አልነቀል አለ።

"ልጄ፣ ይሄ ውኃ ሲያይ ይሸሻል። ለወረቀት የሚሆነው ያኛው ነው" አሉኝ።

"ያኛው አያምርም፣ አባባ።"

"ካርድ ነው ወይስ ሙሽራ የምታስጌጪው?" ብለው ሳቁና ጠቀለሉልኝ። ያሉትን ለመምህሬ አልነገርኩም።

አጠገቤ የምትቀመጠው አበበች፣ የሸኮ ገበሬ ልጅ፣ በሂሳብ የምታስከነዳኝ ነበረች። አባቷ ነገሩን አንዴ ተናግረው ጨርሰዋል፤ ነሐሴ ላይ ካርዷን ይዛ ሚዛን ዘጠነኛ ክፍል ከተመዘገበች ትማራለች፣ ካልሆነ ቴፒ ያለው አጎቷ ቡና የሚለቅምለት ሰው ይፈልጋል። ካርዷን ስሞላ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ "ቀስ በይ እንጂ፣ ስሜን እንዳታበላሺው" ትለኝ ነበር።

የሰኔ አየር እርጥብ ነውና ቀለሙ አልደርቅ አለ። ካርዶቹን ብንደራርባቸው ሊጣበቁ ሆነ፣ ስለዚህ በኛ አገር የሚደርቅ ነገር ሁሉ ወደሚሄድበት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ወስደን ሽቦው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋናቸው። ፀሐይ ወጥታ ነበር። መምህር አለማየሁ እጁን ወደኋላ አጣምሮ እየተመላለሰ "አየሽ፣ ሕይወት አለው" እያለ ሳለ ዝናቡ ወረደ፤ የኛ አገር ዝናብ አያስጠነቅቅም። አበበች ሮጣ ትልቅ የሙዝ ቅጠል ገንጥላ መጣችና ከዳር ጀምራ የሰዉን ሁሉ መሸፈን ያዘች። "ያዢልኝ! በዚያ በኩል ያዢልኝ" ትለኛለች። እኔ የራሴን ካርድ እየፈለግሁ ነበር። አገኘሁት፣ ሹራቤ ውስጥ ወሸቅሁት፣ ቅጠሉን የያዝኩላት ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰባት ካርድ ታጥቧል፤ አንዱ የሷ ነበር። ከሽቦው ሥር ያለው መሬት ሐምራዊ ሆኖ፣ እውነቱን ልናገር፣ እሱም ያምር ነበር።

መምህር አለማየሁ አማተበና ከወረዳ ሌላ ይመጣል አለ። መጣም፣ ምዝገባው አልፎ ቡናው ከቀላ በኋላ። አበበች ያን ጊዜ ቴፒ እየለቀመች ነበር።

ዛሬ ካርድ ከኮምፒውተር ይወጣል፤ ያ ሁሉ የተመሰገነ ጽሕፈቴ የሚያገለግለው "የአምስት ብር ዝርዝር የለንም" የሚል ወረቀት በር ላይ ለመለጠፍ ነው። ሰውዬው "እሺ፣ የቱ ይሻላል?" ሲለኝ ብዕሩን ተቀብዬ ሐምራዊው ውስጥ ነከርኩና በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ አበበች ብዬ ጻፍኩ። እስኪደርቅ ጠብቄ አውራ ጣቴን በምራቄ አርጥቤ አሸሁት። ስሟ ሄደ።

"ምነው አበላሸሽው?" አለ ቅር ብሎት።

"ውኃ ሲያይ ይሸሻል" አልኩትና ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

ቴፒ በሄድኩ ቁጥር አገኛታለሁ፤ ሙዝ ታስይዘኛለች፣ ልጇን የሂሳብ ደብተሩን አምጥቶ እንዲያሳየኝ ታዝዛለች። ስለዚያ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። አይታኛለች ግን፤ የቅጠሉን ሌላ ጫፍ ይዛ እየጠበቀችኝ ነበር፣ እንዴት አታይ።

የኔ ካርድ ሻንጣ ውስጥ አለ። ሰውዬው የሄደ ዕለት አውጥቼ አየሁት፤ ጠርዙ እንደቀላ፣ መሃሉ እንደሳሳ፣ ስሜ ቁጭ ብሏል። በዚህ ሁሉ ዓመት ቢያንስ መፍዘዝ ይችል ነበር። አልፈዘዘም።