አዲሱ ቦቴ የገባበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ፒዮሪያ ስትሪት ላይ መኪናዬን ላሳጥብ ተሰልፌ ሳለ፣ ከፊቴ ያለው ሰውዬ የመኪናውን ምንጣፎች አውጥቶ ውሃ ሲለቅባቸው፣ የረጠበ ጎማና የናፍጣ ሽታ በመስኮቴ ገባና ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ የተቃረብኩትን እኔን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አደረገኝ። ያ ለእኔ የቅዳሜ ሽታ ነው፤ አባቴ በፈቃደኝነት ያገለግልበት የነበረው የእሳት አደጋ ጣቢያ ሽታ።

ጣቢያው ከአውሮራ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ቤቶቹ አልቀው ደረቁ ሜዳ የሚጀምርበት ቦታ ላይ የቆመ፣ ከሩቅ ሲያዩት የእህል መጋዘን የሚመስል የቆርቆሮ ቤት ነበር። ደመወዝተኛ አልነበረውም፤ ገበሬው፣ አስተማሪዋ፣ መካኒኩ ተራ እየገቡ ይጠብቁት ነበር። አባዬ በሌላው ቀን ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልስ ነበር። አገር ቤት ሳለ ግን የቦቴ ሾፌር ስለነበረ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ቧንቧ ስለሌለ ውሃው በቦቴ ተጭኖ እንደሚሄድ ሲነግሩት፣ «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» ብሎ ተመዘገበ። አለቃቸው ዋልት የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ነበሩ። ሁሉም በስማቸው ብቻ ሲጠራቸው አባዬ አፉ እሺ ስላላለው «ጋሼ ዋልት» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ማዕረግ መስሏቸው ደስ ይላቸው ነበር።

በበረዶው ወራት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ አረጋውያን የምትንከባከብበት ቤት ሥራ ስለምትገባ፣ አባዬ እኔን ይዞ ይሄድ ነበር። ሦስት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር፦ ውሃውን በግፊት የምትረጨዋ ትልቋ ቀይ መኪና፣ ሣር ሲቃጠል ሜዳ የምትገባ ፒካፕ፣ እና ቀለሙ የለቀቀ አሮጌ ቦቴ። በየጎናቸው ስንትና ስንት የብረት በር! ጋሼ ዋልት አንድ ሕግ ብቻ ሰጡኝ፤ «ክፈቺ፣ ንኪ፣ ጠይቂ፤ ግን ከነበረበት መልሺ» አሉኝ። እኔም ከበር በር እየዞርኩ፣ ቱቦው ለምን እንደዚያ እንደሚታጠፍ፣ ቁልፉ ለምን ክንዴን እንደሚያክል እየጠየቅኩ ሰው አሰለች ነበር። አንድ ቀን ከመጥረቢያው ጎን የአሻንጉሊት ድብ አገኘሁ። «ቤቱ ለተቃጠለበት ልጅ ነው» ሲሉኝ፣ ቀስ ብዬ ከነበረበት መለስኩት።

በረዶው ቀልጦ ንፋሱ ሲነሳ ሜዳው በእሳት ተያያዘ። አባዬ ማታ ቤት ሲገባ ቅንድቡ አልነበረም።

«ቅንድብህ የት ሄደ?» አለችው እማዬ።

«ኮንትሮል አድርገነዋል፣ ተረጋጊ። ይበቅላል።»

«ዘመዶችህ አይደሉ! ጭሱ ሲበዛ ሁሉም ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ሲሮጥ፣ አንተን ብቻህን ጥለውህ ቢወጡስ?» እንባዋ መጣ። «ስኩል እስኪከፈት ነው የምታገሥህ። ከዚያ በኋላ ወይ እኔ፣ ወይ ቦቴው!»

እኔ እንዲያ መምረጥ ለተገደደው ለአባዬ አላዘንኩም፤ ያዘንኩት ገና ላልከፈትኳቸው በሮች ነበር።

የእረፍቱ ወራት እንዴት እንደሮጡ! ትምህርት ቤት በተከፈተበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ዕለት አዲስ ቦቴ መጣና የሁሉም ቤተሰብ ተጠራ። እማዬ የአባዬን የጣቢያ ሸሚዝ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በፌስታል ይዛ መጣች። ሸሚዙን በክብር አስረክባ አባዬን ከጣቢያው ልታሰናብተው ነው።

አዲሱ ቦቴ ከበሩ ውጭ ቆሟል፤ አባዬ መሪውን ይዟል። ሰው ሁሉ ቆቡን አወለቀ፣ ጋሼ ዋልትም ከአሮጌው ቦቴ ቱቦ ስበው አዲሱን ውሃ ያርከፈክፉት ጀመር። የድሮ ልማዳቸው ነው፤ አሮጌው ውሃውን ለአዲሱ ያወርሳል፣ ከዚያ መኪናው በፈረስ ይጎተት በነበረበት ዘመን ይደረግ እንደነበረው ሁሉም በእጁ ገፍቶ ወደ ጣቢያው ያስገባዋል። እኔ ጠይቄ አውቄያለሁ፤ ለእማዬ ግን ማን ነግሯት? ያየችው አንድ ሽማግሌ፣ ራሱን ገልጦ የቆመ ሕዝብና የሚረጭ ውሃ ነው። ጫማዋን አወለቀች፣ ፌስታሉን አስያዘችኝ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ውሃው ሥር ገባችና ዐይኗን ጨፍና ቆመች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማንም ግን አልሳቀም፤ ጋሼ ዋልት ግፊቱን ቀንሰው እንደ ካፊያ አድርገው ለቀቁላት። ከዚያ ሁሉም ከመኪናው ፊት ተሰልፎ መግፋት ሲጀምር፣ እማዬም እንደረጠበች በባዶ እግሯ በአስተማሪዋና በመካኒኩ መሀል ገብታ ሁለት መዳፏን ለጠፈች። እኔ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ከሥር ሳይ፣ ከጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል! አባዬ ማርሹን ወደኋላ አስገብቶታል፤ መኪናው በራሱ ነው የሚሄደው፣ ሰዉ የሚገፋው ለወጉ ነው። አፌን ያዝኩ። ብናገር እማዬ ተታለልኩ ብላ ፌስታሉን የምታስረክብ መሰለኝ።

ቦቴው ገብቶ ሲቆም እማዬ ፌስታሉን ከእጄ ወሰደች፣ ግድግዳው ላይ የአባዬ ስም የተጻፈበትን መስቀያ ፈልጋ ሸሚዙን ሰቀለችው። አባዬ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ ብዙ ዓመት ለበሰው።

መኪናዬን ካሳጠብኩ በኋላ ሎውሪ ሰፈር እማዬ ቤት ሄጄ፣ ውሃው ጸበል እንዳልነበረና መኪናው በሞተር እንደገባ፣ ሃያ ዓመት የደበቅኩትን ነገርኳት። ሳቀች።

«ውሃውን እንኳ ጸበል መስሎኝ ነበር። ሞተሩን ግን... የሾፌር ሚስት ሆኜ ሞተር ሲሠራ የማልሰማ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ገፋሽ?»

«መኪናው ራሱ እንደሚሄድ እያወቁ፣ አባትሽ ውስጥ ስላለ፣ አንድም ሰው እጁን አልነቀለም። እኔ ያን ነበር ማየት የፈለግሁት።»

ያ ሜዳ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ ቧንቧ ገብቶለታል፣ ጣቢያውም ደመወዝተኛ ተቀጥሮበታል። ያኔ የእሳት አደጋ መኪና ሳይ ዐይኔ በሮቹ ላይ ነበር። አሁን ሃቫና ስትሪት ላይ ሳይረን ሰምቼ ዳር ስይዝ፣ በመኪናው መስኮት የማየው ከሾፌሩ ጎን ሰው መኖሩን ነው።