የእናቴ እርሾና ሁለት ፉርኖ

ከባሌ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ኮባ ማለብለብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እሱ ቅጠሉን በእሳት ላይ እያሳለፈ ያለሰልሳል፣ እኔ የድፎውን ሊጥ አሻለሁ።

«ኮምጠጥ ሲል ስለምትወድ አንድ ቀን ጨምሬ አሳድሬዋለሁ» አልኩት።

«እንደ ወደድሽ» አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። ከጭሱ የተነሣ መስሎኝ ነበር።

እርሾው ከእናቴ ቤት የመጣ ነው። ሳገባ ከሳጉሬ እስከ አሰላ በበቅሎ ስመጣ በቅል አድርጌ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። እናቴ ከማሰሮዋ ቀንሳ ስትሰጠኝ «ሁሉንም እንዳትጨርሺው፤ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው አስተርፊ» ብላኛለች። አሥራ አንድ ዓመት አስተረፍኩ። ጎረቤቶቼም የነሱ ሲበላሽባቸው ከኔ ይወስዱ ነበር።

ባሌ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። በቤታችን ደንብ ድፎውን ባርኮ የሚቆርሰው አባወራው ነው፤ የቆረሰው ደግሞ አስቀድሞ ይቀምሳል። እሱም ቀምሶ በእንግዳ ፊት «እጅሽ ይባረክ» ይለኛል። ጣሊያን ትቶት በሄደው ምድጃ የሚጋገረውን ፉርኖ ሲያነሱበት «እሱ እኮ ጥጥ ነው» እያለ ያስቀን ነበር።

በማግስቱ እሑድ ባርኮ ቆረሰ፣ ቀመሰ። ማክሰኞ ደም አስታወከው። ሐሙስ ቀበርነው።

በሠልስቱ የፉርኖ ጋጋሪው ቅርጫት ይዞ ድንኳኑ ገባና አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ።

«እትዬ፣ የጋሼን ሁለት ፉርኖ ዛሬም ለይቼ አስቀመጥኩ። እጄ ለምዶ።»

«የየትኛውን ጋሼ?»

«የኛን ነዋ! ጠዋት ጠዋት ሁለት ፉርኖ ሳይበላ ቢሮ ገብቶ ያውቃል?»

«የኔ ባል ፉርኖ አይበላም።»

«ለካ ጥጡን የሚጨርሰው እሱ ነበር!» አለች አንዷ ጎረቤቴ፤ ሴቶቹ ሳቅ አመለጣቸው። ጋጋሪው ግን ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ጨጓራህ ቆስሏል፣ ኮምጣጣ ነገር አትቅመስ ካለው ሁለት ዓመት አልፎታል።

«‹ለሷ እንዳትነግራት፣ የእናቷ እርሾ ነው› ብሎ አስምሎኝ ነው እትዬ።»

ሰው ሚስቱን የሚከዳው በሌላ ሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ድሬሰሩ ያውቃል፣ ጋጋሪው ያውቃል። የማላውቀው የሚያመውን በእጄ አቡክቼ የማቀርብለት እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምርቃቱን ስቀበል ኖርኩ።

አዝኖልሽ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ከሱ ጤና ማሰሮ የምታስበልጥ ሴት አድርጎ እንደቆጠረኝ ነው የሚሰማኝ። አንድ ቃል ቢነግረኝ ኖሮ እርሾውን በዚያው ቀን ደጅ እደፋው ነበር።

ከአርባው በኋላ ልደፋው ማሰሮውን አወጣሁት። የእናቴን ፊት አሰብኩና መልሼ አስገባሁት።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ድፎ እጋግራለሁ። የምቆርሰው እኔ ነኝ። ከመቁረሴ በፊት እንግዳውን ሁሉ «ኮምጣጣ ይስማማዎታል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ለማይስማማው ፉርኖ አስመጣለታለሁ።